ጤና አዳም ያለበት ውታፍ

ምራታቸውን ርብቃን ፖሊሶች ይዘዋት ቢሄዱ ሕፃኗን ማን ያጠባታል? ወይዘሮ እታለም ከቀብር ከተመለሱ ወዲህ ይህን ጥያቄ ያመነዥጋሉ።

ልጃቸው፣ የርብቃ ባል ሶፎንያስ፣ ሆሳዕና ከተማ ባለው ቤታቸው ጓሮ፣ በጠባቧ የዕቃ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በዚያው ሰዓት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጓሮው ውስጥ ተቀምጠው፣ እሱን ከሲጋራ ነጻ ላወጣው ጌታ ምስጋና እያቀረቡ ነበር። ምስክርነት እንዲሰጥ ቢጠሩት አልመልስ አለ። ሐኪሙ «በከሰል ጭስ ታፍኖ ነው» አለ። የክፍሏ ብቸኛ መተንፈሻ ቀዳዳ ግን ከውጭ በቃጫ ተወትፎ ነበር።

ኢንስፔክተር ሊሻን ወጥ ቤት ገብታ ከርብቃ ጎን ተቀመጠች። ወይዘሮ እታለም ከደጅ ጆሯቸውን ጣሉ።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ?»

«ካጨስክ አጠገቤ አትድረስ ብዬዋለሁ። ኪሱንም እፈትሽ ነበር። ይህን አልደብቅም...»

«ኧረ ወተቱ!» ብሎ ጮኸ ለቅሶ የመጣው ባለሱቁ ጁነዲን። «ሰፈሩ አረረ አረረ እየሸተተ፣ እናንተ ምድጃው ሥር ተቀምጣችሁ ወሬ?»

ርብቃ ደንግጣ ድስቱን አወረደች። «ከዚያ ከክፉ ጉንፋን ወዲህ አፍንጫዬ ምንም አያሸትም።»

ሊሻን ሽታው ቀድሞ ደርሷት ነበር፤ ርብቃን ልትፈትን ሆን ብላ ነው ዝም ያለችው። ወደ ጁነዲን ዞረች።

«ሲጋራ ከአንተ ነበር የሚገዛው?»

«አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በፍሬ እሸጥለት ነበር። ክብሪት ግን ወስዶ አያውቅም፤ ርብቃ ኪሱ ውስጥ ታገኝበታለቻ! ከምድጃው እሳት ወስዶ ከሰል ያያይዝና፣ ከፍሙ ነበር የሚለኩሰው።»

ሊሻን ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። የሟች ታላቅ ወንድም ሕዝቅኤል፣ እሱም ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ ነው፣ ተቆጣ።

«ምኑ ይጠየቃል? ቃጫ መፋቅ የሺንሺቾዋ ልጅ፣ የርብቃ ሙያ ነው!»

«ቃጫው እዚህ ቤት ሞልቷል» አለች ሊሻን። «አንተ ስትደርስ ምን ሸተተህ?»

«ሲጋራ አልሸተተኝም። ጤና አዳም ብቻ።»

ሊሻን ከቀዳዳው የተነቀለውን ውታፍ አውጥታ ፈታች። ከመሃሉ የጠወለገ ጤና አዳም ወደቀ።

«ሶፎንያስ ምስጋናው ጨንቆት፣ ከመመስከሩ በፊት አንዴ ሲጋራ ሊስብ ገባ። አንድ ሰው ሽታው ደረሰውና ቀዳዳውን ወተፈው። ሊገድል የመጣ ሰው ለሽታ አይጨነቅም፤ ይህ ግን እንግዳ እንዳይሸተው ብሎ ጤና አዳም ጨመረ። ርብቃ አታሸትም። ሕዝቅኤልና ሽማግሌዎቹ የደረሱት ከተወተፈ በኋላ ነው። ጁነዲን ሱቁን አልለቀቀም። እማማ፣ የሽማግሌዎቹን ወንበሮች ቀዳዳው ሥር ማን ደረደረ?»

ወይዘሮ እታለም ጎንበስ ብለው የወደቀውን ጤና አዳም አነሱ።

«እኔ። ስደረድር ሸተተኝ... በሰው ፊት እንዳይዋረድብኝ ብዬ እኮ ነው! ከሰል አያይዟል ብዬ መች አሰብኩ?»

«እማዬ!» አለ ሕዝቅኤል። «ሰው ሁሉ በርብቃ ላይ ጣቱን ሲቀስር ዝም አልሽ?»

«ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል... ሕፃኗን ይዛብኝ እንዳትሄድ ፈርቼ።» ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ርብቃዬ፣ አንድ ነገር በይኝ። ስደቢኝ።»

ርብቃ ሕፃኗን አነሳች። ጀርባዋ ላይ አዝላ ነጠላዋን አጠበቀች፤ ትንሿም ወደ አያቷ እጇን ዘረጋች። ወይዘሮ እታለም ሊይዟት ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ርብቃ ደጃፉን አልፋ ወጣች።