በባዶው ክፍል የተለካ ሰው

የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ... እኔ ብቻ ምንም አልጨመርኩበትም።

ሌሊት አልነበረም። ሌሊት ቢሆንማ እንቅልፍ ነው ብዬ በተውኩት! ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ፣ ከምሳ የተመለስንበት ሰዓት ነው።

ልብስ ሰፊዎች ነን፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ። እናታችን የተወችልን አንድ ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በመጋረጃ የተከለለች መለኪያ ክፍል። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል። እኔ እሰፋለሁ።

አንድ ልማድ አለን። እሱ ደንበኛ ሲለካ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ እኔ ከመኪናዬ ቀና ሳልል እደግምለታለሁ። ስህተት እንዳይገባ ብላ እናታችን ያስለመደችን ነው።

በዚያ ሰሞን ወንድሜን እንቅልፍ እምቢ ብሎት ነበር። ጎናችን ስልክ የሚጠግን ሰው አለ፤ ሰፈሩ «ፈላስፋው» ይለዋል። የማያውቀው ነገር የለም፣ ከስልክ ጥገና በቀር። የደረቀ እንጉዳይ በወረቀት ጠቅልሎ የሰጠው እሱ ነው።

«አእምሮ ይከፍታል» አለው። «ደግሞ ተፈጥሮ ነው፤ ምን ይጎዳሃል?»

እባብስ ተፈጥሮ አይደለም? ግን ይህን የሚለው ሰው አጠገባቸው አልነበረም። እኔ የሰማሁት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ነው።

የዚያን ዕለት የሱሪ ጫፍ እያጠፍኩ ነበር። ከኋላዬ የመጋረጃው ቀለበቶች ሲንሸራተቱ ሰማሁ።

«ይግቡ አባባ» አለ ወንድሜ።

ደንበኛ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሰው አልገባልንም ነበር።

«ትከሻ፣ አርባ ስድስት።»

«አርባ ስድስት» አልኩ።

«ደረት፣ ዘጠና።»

«ዘጠና።»

«ወገብ...»

የሚቀጥለውን ቁጥር ጠበቅኩ።

«ወገብ... የላቸውም።»

እግሬ መርገጫው ላይ ቀረ። ዞር አልኩ...

ወንድሜ ተንበርክኳል። ፊት ለፊቱ ማንም የለም።

ሜትሩን አየር ላይ አዙሮ በሁለት እጁ ይዞታል። መሃሉ ባዶ የሆነ ሜትር ይረግባል፤ ዕድሜዬን ሁሉ ሳየው የኖርኩት ነገር ነው።

አልረገበም።

«ማንን ነው የምትለካው?»

«ሽሽ... ሽማግሌ ናቸው። አትጩሂባቸው።»

«ወንድምዓለም፣ እዚያ ማንም የለም።»

ሳቀ። የዓይኑ ጥቁር ሰፍቶ ሌላውን ውጦታል።

«እያሾፍሽ ነው? አሁን ቁጥሩን ስትደግሚልኝ አልነበር? የማንን ነው የደገምሽው?»

ከመኪናዬ ተነሳሁ።

«ምን ወስደህ ነው?»

«የፈላስፋውን... ትንሽ ነው።»

ጆሮውን ወደ ባዶው ቦታ አዘነበለ። እየሰማ ራሱን ነቀነቀ።

«ምን አሉህ?» ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

«ቆዳህ ሰፍቶሃል፣ አጥብበው... ይላሉ።»

ሸሚዙ ደረት ላይ ከደረደራቸው ስፒሎች አንዱን ነቀለ። እጅጌ እንደሚያጠብ ሁሉ የክንዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ያዘ። ሰካው። ቀጥሎ ሌላ... ደግሞ ሌላ። ፊቱ ላይ የሕመም ምልክት የለም። አሰካኩ ደግሞ ማማሩ! እኩል እኩል፣ በአንድ መስመር። የምኮራበት እጁ በዚያች ቅጽበት አስጠላኝ።

ከዚያ ትልቁን መቀስ አነሳ።

ብጮህ እንደሚቆርጠው ገባኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ የእናታችን ቃል ብቻ ነው።

«ሳይለካ አይቆረጥም።»

እጁ ቆመ። አሰበ። የእናታችንን ቃል አሁንም አልረሳም።

«እንግዲያው ለኪኛ» አለና ክንዱን ዘረጋልኝ።

ቀስ ብዬ ተጠጋሁ። ሜትሩን ስፒሎቹ አጠገብ አኖርኩት።

«ስንት ነው?» አለ በሹክሹክታ።

መቀሱን ቀማሁት። የያዝኩት በስለቱ በኩል ኖሯል፤ መዳፌ ተሰነጠቀ። አልለቀቅኩም። ያን ጊዜ ነው የጮህኩት።

ቀድሞ የደረሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፈላስፋው። ደሙን አየና በር ላይ ተገተረ።

«እኔ... ትንሽ ውሰድ ነው ያልኩት» አለ።

ወንድሜ ወለሉ ላይ ሆኖ ባዶውን ክፍል «ይቅርታ አባባ፣ ይቅርታ» እያለ ይለምናል፤ ያ ደግሞ ስለ መጠን ያስረዳኛል! እርግማን አላወጣሁም። አቅም ስላጣሁ እንጂ ስለማርኩት አይደለም።

ሆስፒታል ወሰድነው፤ ሐኪሟ አልዋሸችኝም። «ብዙውን ሰው በሰዓታት ውስጥ ይለቀዋል» አለች። «አንዳንዱን ግን አይለቀውም። ማንን እንደማይለቅ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።»

ወንድሜን አልለቀቀውም። እዚያው ተኝቶ ሳምንታት አለፉ። ሐኪሞቹ ከሱ የሚፈልጉት ማንም እንዳልነበረ ራሱ እንዲቀበል ነበር። እሱ ግን መልሱ አንድ ነው።

«እህቴን ጠይቋት። ቁጥሩን ደግማለች።»

ማንንም አላየሁም ብዬ ስምልለት በሐዘኔታ ያየኛል። «ፈርታ ነው» ይላቸዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ልጠይቀው ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ... የድሮው ዓይኑ ነው።

«እታለም» አለኝ። «ማንም አልነበረም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ማንም አልነበረም። አሁን ሄደዋል... ማለቴ፣ እንጉዳዩ ለቆኛል።»

አቅፌው አለቀስኩ። መድኃኒቱ እጁን ያንቀጠቅጠዋል፤ መርፌ ላይ ክር የሚያስገባ እጅ አይደለም። በሰፈሩ አቻ ያልነበረው ቆራጭ! ይሁን አልኩ። እጁ ይቅርብኝ፣ ልቡ ይመለስልኝ። ሐኪሟም ወደ ቤት የሚሄድበት ቀን ቅርብ ነው አለችኝ።

ስወጣ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የክፍሎቹ መውጫ ላይ ዘበኛ አለ። ዝምተኛ፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው። በሩን ከፈተልኝ፤ አመስግኜው አለፍኩ።

በሩ ሲዘጋ አልሰማሁም።

ዞር አልኩ...

ዘበኛው በሩን በትከሻው ደግፎ ይዞታል። እኔ የመጣሁበትን ኮሪደር ያያል። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም።

«ቀስ ይበሉ አባባ» አለ። «ደረጃ አለው... ልጅዎ እየጠበቀችዎት ነው።»

እጁን ዘረጋ።

የተዘረጋው እጁ፣ ሰው እንደተደገፈበት ሁሉ፣ ዝቅ አለ።