እያሳደደ የሚያስል ሞተር

«ልቀቃት!» ብላ ጮኸች መርማሪ፣ ከደረጃው ሥር ሆና።

ጓደኛዋ ራዲዮ ከትምህርት ቤቱ ፎቅ መደገፊያ ላይ ተንጠልጥሎ ጠርሙሷን ለቀቃት። የላስቲክ ጠርሙስ ናት፤ ክዳን የላትም፣ ከግርጌዋ በምስማር ተበስታለች። በእጁ እንደያዛት ውሃው በቀዳዳዋ እንደ ክር ቀጥኖ ይወርድ ነበር። ከእጁ ስታመልጥ ግን ክሩ ተቆረጠ። መሬት ላይ እስክትፈርጥ ድረስ በላይም በታችም ጠብ ያለ ነገር የለም።

«አየህ? እየወደቀች መፍሰሷን ተወች!» አለች መርማሪ ፊቷን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«እኔ ያየሁት አንቺ ስትበሰብሺ ነው» አለ ራዲዮ።

የመዝገብ ስሟ አይደለም፤ መርማሪ ያላት ታላቅ ወንድሟ ነው። በልጅነቷ የቤቱን ካውያ ፈታታ «ሙቀቱ የት ነው የሚቀመጠው?» ካለች ጀምሮ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። ራዲዮ ደግሞ አፉ ስለማያርፍ ነው ራዲዮ የተባለው። ባትሪው አያልቅም ይሉታል። ሁለቱ በነጋታው በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ላይ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላኖች ሊያስረዱ ነው።

ታሪኩን ያገኙት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሁለት ባላንጣዎች ሰማይ ላይ ይሳደዳሉ። ተሳዳጁ ሳይታሰብ አፍንጫውን ደፍቶ ወደ ታች ይወረወራል። አሳዳጁም እከተላለሁ ብሎ አፍንጫውን ድፍት ሲያደርግ ሞተሩ ክህ ክህ ብሎ ያስልና ቀጥ ይላል። ለአፍታ ነው። ግን ያቺ አፍታ ስታልፍ ጠላት ወይ አምልጧል፣ ወይ ዞሮ ከኋላ መጥቷል። የተሳዳጁ ሞተር ነዳጁን በፓምፕ እየገፋ የሚረጭ ስለሆነ አያስልም። የሚያስለው ነዳጁን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር በኩል የሚያገኘው ነው።

ለምን? ራዲዮ ለዚህ መልስ ነበረው። «ከፍጥነቱ ብዛት ነዳጁ ወደ ኋላ ይሸሻላ! አለቀ ደቀቀ።» ይህንንም በትልቅ ካርቶን ላይ ሲስል ሰነበተ። አባቱ የሱቅ ታፔላ ሠዓሊ ናቸው፤ እጁ ወደሳቸው ሄዷል። ሥዕሉ አፍ ያስከፍታል። አንዱ አውሮፕላን ጭስ እየተፋ ይወርዳል፤ ሌላው በጀርባው ተገልብጦ ይጠልቃል። መሀል ላይ ነዳጁ ወደ ኋላ ሲሸሽ የሚያሳይ ወፍራም ቀይ ቀስት አለ። ጠርሙሷ ይህንኑ እንድትመሰክር ነበር የታሰበችው፤ ስትምዘገዘግ ውሃው ወደ ኋላ ይረጫል ብለው።

«ራዲዮ» አለች መርማሪ፣ የተጨማደደችውን ጠርሙስ እያገላበጠች፣ «ውሃው እኮ ወደ ኋላ አልሄደም። ዝም ብሎ ከጠርሙሷ ጋር አብሮ ወደቀ። ነገሩ ፍጥነት አይደለም መሰለኝ።»

«አትጀምሪ!»

«ቀስቱ ስህተት ቢሆንስ?»

«ነገ እኮ ነው! አባዬ ሱቁን ዘግቶ ሊመጣ ነው። እስከ ዛሬ እሱን እዚህ የሚያስጠሩት ዳይሬክተሩ ናቸው፤ በኔ ጥፋት። አሁን ገና ነው እኔ ራሴ የጠራሁት።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ሰው የሚያየው ሥዕሉን ነው። ቀስቴን አትንኪብኝ።»

ካርቶኑን እሷ ቤት አደረሱት፤ ለትምህርት ቤቱ የሚቀርበው የእሷ ቤት ነው። ራዲዮ ሄደ። ጥያቄው ግን አልሄደም።

አክስቷ በሙያ ማሠልጠኛ የሞተር አስተማሪ ናት። መርማሪ ግቢው ውስጥ የሞተር ሳይክሏን ካርቡሬተር ፈታታ ስትጠርግ አገኘቻትና አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«አክስቴ፣ አውሮፕላን ለምንድን ነው የሚያስለው?»

«ትን ሲለው ነዋ፤ እንደ ሰው።»

«ሙቺ በይኝ?»

አክስቷ ሳቀችና ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ጎድጓዳ ነገር አወጣች። በውስጧ ተንሳፋፊ አለ። ነዳጁ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ የነዳጁን መግቢያ በር ይዘጋል፤ ሲጎድል ዝቅ ብሎ ይከፍታል። ሞተሩ የሚመጥጠው ከታች ከተጠራቀመው ነው።

«እሺ፣ አሁን አፍንጫውን በድንገት ስትደፊውስ?»

መርማሪ ዓይኗን ጨፈነች። ጠርሙሷ ታየቻት። ከዚያም ሚኒባስ ጉብታ ዘሎ ሲወርድ የሚሰማት ነገር። «ሆዴ ወደ ላይ ይመጣል… ነዳጁም ወደ ላይ ይወጣል! ክዳኑ ሥር ይለጠፋል። ማውጫው ታች ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ይራባል!»

«መጀመሪያ ይራባል። ቀጥሎ ተንሳፋፊው ይደናገርና በሩን ይበረግደዋል፤ ነዳጅ ይጎርፋል። በረሃብ ጀምሮ በጥጋብ ይታነቃል።»

መርማሪ ዘላ ተነሳች። ቤት ገብታ ካርቶኑ ፊት ቆመች። ያ የተገለበጠው አውሮፕላን! ራዲዮ ከመጽሐፉ ላይ አይቶ የሳለው ስለሚያምር ብቻ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከሥዕሉ ግርጌ የተጻፈውን ግን ሁለቱም አንብበውታል፦ አንዳንድ አብራሪዎች ከመጥለቃቸው በፊት በጀርባቸው ይገለበጡ ነበር። ጥፋቱ የፍጥነት ቢሆን መገለበጥ ምን ይፈይዳል?

ወጥታ ባልዲ አነሳች፤ ግማሽ ድረስ ውሃ ሞላችና ክንዷን ዘርግታ በአናቷ ላይ አሽከረከረችው።

«ብታፈሺብኝ አሳይሻለሁ!» አለች አክስቷ ወደ ኋላ እየሸሸች።

አልፈሰሰም። ባልዲው አፉን ወደ መሬት ሲደፋ እንኳ ውሃው ቂጡ ላይ ተጣብቆ ነበር። አብራሪውም እንዲሁ ነው፤ ተገልብጦ አፍንጫውን ወደ ራሱ ሲስብ አውሮፕላኑ ወደ መሬት ይታጠፋል፣ ነዳጁ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

«ታዲያ ሁልጊዜ ሲገለበጡ ኖሩ?» አለች መርማሪ።

«ጊዜ ይወስዳላ! ኋላ ግን አንዲት ሴት መሐንዲስ፣ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪም ነበረች፣ የብሎን ሮንዴላ የምትመስል ቀዳዳ ያላት ብረት በነዳጁ መንገድ ላይ አስገባች። ሞተሩ መጠጣት ከሚችለው በላይ አታሳልፍም። ረሃቡን አላጠፋችም፤ መታነቁን ግን አስቀረች። ዋናው መድኃኒት እስኪገኝ እሷ አቆየቻቸው።»

መርማሪ ስለዚያች ሮንዴላ ስታስብ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ወዲያው ግን ቀስቱ ትዝ አላት።

ወንድሟ በር የቀባበት ነጭ ቀለምና ብሩሽ ጓዳ ውስጥ ነበሩ። ቀስቱን አንድ ጊዜ ቀባ ብታደርገው ያልቃል። ብሩሹን ነክራ ተጠጋች። ቀረብ ብላ ስታይ ከቀዩ ቀለም ሥር የእርሳስ መስመሮች አሉ፤ ራዲዮ ቀስቱን እየሳለ እያጠፋ፣ እየሳለ እያጠፋ ነው ያስተካከለው። ነጩ ቀለም ከብሩሹ ጫፍ ጣቷ ላይ ተንጠባጠበ። ብሩሹን አጥባ መለሰችው።

ጠዋት ራዲዮን በሩ ላይ ጠብቃ ሁሉንም ነገረችው፤ ተንሳፋፊውን፣ ባልዲውን፣ የተገለበጠውን አውሮፕላን። የራዲዮ ባትሪ ሲያልቅ ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ገብቶኛል» አለ በመጨረሻ። «ትናንትም ጠርሙሷን ሳያት ጠርጥሬ ነበር። ግን በአባዬ ፊት አልናገርም። እንዳለ ይሁን። እባክሽ።»

አዳራሹ ጠረጴዛና ወላጅ ሞልቶታል። ሥዕሉ የተሰቀለበት ጋ ሰው ተኮለኮለ። ራዲዮ ስለ ጦርነቱና ስለ ማሳደዱ አወራ፤ ሰውም ወደደለት። ቀስቱ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዘለለው። መርማሪ እግሯን አወዛወዘች።

የራዲዮ አባት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጥፍራቸው ሥር ቀለም እንዳለ መጡ። ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው አዩት።

«እጅህ ተባርኳል» አሉ። ቀጥለው ጣታቸውን በጀርባው ወደ ተገለበጠው አውሮፕላን ዘረጉ። «ይሄኛው ግን ምን ሆኖ ነው የተገለበጠው?»

ራዲዮ መርማሪን አያት። መልሱ በሙሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ብትናገር ሁሉም ወደ እሷ ይዞራል፤ የቀስቱም ስህተት ይጋለጥበታል። ‹እንዲያምር ነው› ብላ ብታድነውም ማንም አይነቃባትም። ጥያቄ አጠገቧ ቆሞ አፏን የዘጋችበት ቀን ትዝ አይላትም።

ዋጠችው።

«እሱ ይንገርዎት፣ ጋሼ» አለችና ከጠረጴዛው ራቅ ብላ ቆመች።

የራዲዮ ጆሮ ቀላ። አባቱን አየ፤ ሥዕሉን አየ። ከዚያ መዳፉን አንስቶ ቀዩን ቀስት ሸፈነው።

«አባዬ» አለ፣ «መጀመሪያ ይቺን የለችም በላት።»

አባቱ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ ካርቶኑ ጎንበስ አሉ።