ወርቅማው ርካሽ ካርድ

ተድላ የሞተው ሱቁ ውስጥ ነው። ጭንቅላቱ የወረቀት መቁረጫውን ብረት መትቶ፣ በእጁ አንዲት የሰርግ ካርድ እንደጨበጠ ተዘርሮ ተገኘ። ካርቱም ገበያ፣ ሱቅ ዐረቢ ውስጥ፣ ኪሳቸው ለሳሳ ሙሽሮች ካርድ የሚያትም ሰው ነበር። «ከኔ የረከሰ ካገኘህ እኔው ሚዜ እሆንሃለሁ» ሲል የኖረ! ሳይመሽ ሰብስቤ ተያዘ ተባለ። እሑድ የሚያገባው ሰብስቤ!

ፖሊሶቹ ሳጅን አማኒን የላኳት አማርኛ ስለምትሰማ ነው። እናቷ ጎንደሬ፣ አባቷ ሱዳናዊ። የአማርኛ ፊደል አትቆጥርም፣ ዓይኗ ግን የሰው ድስት ይከፍታል።

ሃቡቡ፣ ያ ቀይ የአሸዋ ማዕበል፣ ገና ማለፉ ነበር። የሱቁ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማሽኑም፣ ጠረጴዛውም፣ የተድላ ፊትም አቧራ ለብሰዋል። ሬሳውን ሲያነሱት ግን ከሥሩ ወለሉ ንጹሕ ነው። ጠረጴዛው ላይም ካርቶን የተነሳበት የሚመስል አንድ ንጹሕ ቦታ አለ። ሟቹ በጨበጠው ካርድ ላይ የተለጠፈች ቁራጭ ወረቀት በጥፍር ተገሽልጣለች፤ ከሥሯ ሌላ ጽሑፍ ይታያል። አማኒ ማንበብ አትችልም። ካርዱን ኪሷ ከተተችው።

ጎረቤቱ ጨርቅ ሻጭ ማሕጁብ፣ «ወላሂ፣ ሰማዩ ሊቀላ ሲል ማሽኑ ሲጮህ ሰምቻለሁ» አላት። «ነፋሱ ሲያልፍ ያ ልጅ ካርቶን አቅፎ ሲሮጥ አየሁት።»

«ከዚያ በፊት ማን ገባ?»

«ደንበኛ ከቦኝ ነበር፣ ማንን ልይ?»

ሰብስቤ እስር ቤት ግድግዳውን እያየ መለሰላት። «ሞቶ ነው ያገኘሁት። ካርቶኑን አነሳሁና ለቤቲ አደረስኩ።»

«ሬሳ ተራምደህ፣ ለካርድ?»

«ሌላ የማሳትምበት የለኝም።»

«በላዩ የተለጠፈው ምንድን ነው?»

ጀርባውን ሰጣት።

ሙሽራዋ ቤቲ ኦምዱርማን ቤቷ ቁጭ ብላ ካርድ በፖስታ ትከታለች። አታለቅስም፣ አትጠይቅም። ሚዜዋ ማዘንጊያ አጠገቧ ፖስታ ታሽጋለች።

«የኔ እመቤት፣ እጮኛሽ ታስሮ ካርድ ታሽጊያለሽ?» አለች አማኒ።

«እጄ የሚሠራው ካጣ ምን እንደምሆን አላውቅም። እሑድ ይፈቱታል?»

«ኢንሻላህ። ሃቡቡ ሲመጣ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር ልብስ ከገመድ ሳወርድ።»

«አንቺስ ማዘንጊያ?»

«ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር፣ ከምሠራበት ቤት። ሠራተኛ ወዴት ይሄዳል?»

አማኒ ሪያድ ሄደች። አፋፍ የምትባለው የቤቱ እመቤት እንኳን ተጠይቃ ሳትጠየቅም ታወራለች። «ሶፋዬን እዪልኝ! ከአቧራው ብዛት አልጋዬ ላይ ስንዴ ይዘራበታል! ከሥራ ስመለስ መስኮቱ ሁሉ እንደተበረገደ ነው። ማዘንጊያ ‹ቤት ነበርኩ› ትለኛለች ደሞ!»

በማግስቱ ሁሉንም ቤቲ ቤት ሰበሰበቻቸው። ሰብስቤ በካቴና መጣ፣ ማሕጁብ በር ላይ ቆመ። ቤቲ ፖስታ መሙላቷን አላቆመችም።

«ካርቱም ውስጥ ሰማይ ሲቀላ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወዴት ነው?» አለች አማኒ።

«ወደ መስኮቱ» አለ ማሕጁብ።

«ተድላ አልዘጋም። ከሥሩም አቧራ የለም። ሃቡቡ ሲደርስ ሞቶ ነበር ማለት ነው። ካርቶኑ የነበረበት ቦታ ደግሞ ንጹሕ ነው፤ የተነሳው ነፋሱ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰብስቤ እውነቱን ነው፤ የደረሰው ሬሳ ላይ ነው።» ወደ ማዘንጊያ ዞረች። «ሪያድም ያልተዘጋ መስኮት አለ። እዚያ የሞተ ሰው የለም። የሌለ ሰው እንጂ።»

ማዘንጊያ ፖስታውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አማኒ የተገሸለጠውን ካርድ ለቤቲ ሰጠቻት። «እኔ አላነብም። ከስምሽ ሥር ምን ይላል?»

ቤቲ አነበበች። «ሰብስቤ... እና ማዘንጊያ።»



«አምና ነው» አለች ማዘንጊያ፣ የሰው ወሬ እንደምታወራ ሁሉ። «ካርዱ ተድላ ጋ ታትሞ ሳይበተን ሰብስቤ ተወኝ። ስላልተበተነ ማንም አላወቀም፤ አንቺም ጓደኛዬ ሆነሽ አልነገርኩሽም። ‹ወርቅማ ካርድ በርካሽ ተገኘ› ስትዪኝ ልቤ ጠረጠረና ሄድኩ። ስሜን በጥፍሬ ገሽልጬ ‹አቃጥልልኝ› አልኩት። ‹የሙሽራው ስም ልክ ነው፣ የሙሽራዋንና ቀኑን ብቻ እለጥፋለሁ፣ ወረቀት ማባከን ነውር ነው› ብሎ ሳቀ። ገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም።»

ቤቲ ሰብስቤን ቀና ብላ አየችው። «ታውቅ ነበር?»

«ርካሽ ነበር» አለ።

አማኒ «ኸላስ፣ በቃ» ብላ ካቴናውን ከእሱ እጅ ፈትታ ማዘንጊያ እጅ ላይ አሰረችው። ማዘንጊያ ስትወጣ የታሸጉትን ፖስታዎች እንዳትረግጥ ቀሚሷን ሰበሰበች።

ሰብስቤ በሩ ላይ ቀረ። «ቤቲ፣ እሑድስ?»

ቤቲ አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ የራሷን ስም ከካርዱ ላይ ላጠችው። ሁለተኛውን አነሳች፣ ሦስተኛውን። ቁርጥራጩን ሁሉ ጭኗ ላይ አጠራቀመች። ሲያልቅ ካርቶኑን በእግሯ ወደ እሱ ገፋችለት።

«የኔን ወስጃለሁ። የቀረው ያንተ ነው።»