አባዬን ከግንቡ ያወረድኩበት ሰኞ

ማመን የማትፈልጉ ከአሁኑ እለፉት፤ አልቀየማችሁም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ "ይቺ ሴትዮ ጤናም የላትም" ብዬ ነበር የማልፈው።

ግን ሆኗል። በእኔው ላይ ነው የሆነው።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ጥር ወር፣ ሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ዳቦ ቤቱ ተከፍቷል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል። ቦታው ሉጎ ነው፣ የእኛው ከተማ፣ ዙሪያዋን የከበባት የድሮ ግንብ ላይ።

ሳቤላ እባላለሁ። ከካቴድራሉ ጀርባ ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ። ሰኞ ሰኞ ዘግቼ ከአባቴ ጋር ነው የምውለው።

አባቴ ዴልሚሮ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ሲያድል የኖረ ሰው ነው፤ በግንቡ ውስጥ የማያውቀው በር አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ግን መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ ቁልፉን ረሳ፣ ከዚያ መንገዱን፣ ከዚያ እኔን። "ካርሜ" ይለኛል። ካርሜ ድሮ የሞተች እህቱ ናት። በቀን አሥር ጊዜ ደግሞ "እናትሽ የት ሄደች?" ብሎ ይጠይቀኛል።

እናቴ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

የሞተች ቀን እኔ ማድሪድ ነበርኩ፣ ለአንድ የማይረባ የፀጉር ሥራ ውድድር። አጠገቧ የነበረው አባዬ ብቻ ነው። ከቀብር ስንመለስ "ለአንቺ ያለችው ነገር አለ፣ ስትረጋጊ እነግርሻለሁ" አለኝ። እኔም መስማቱን ፈራሁና አላጣደፍኩትም። ለመስማት ስደፍር እሱ ረስቶታል። ስንት ጊዜ እንደጠየቅኩት፣ ስንት ጊዜ ለምኜው እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ያቺን አንዲት ነገር ለመስማት የማልሰጠው ነገር አልነበረም።

ይሄን ያዙልኝ።

እኛ አገር መርሳት የጀመረ ሽማግሌ ቤት አይቆለፍበትም። ግንቡ ላይ ይወጣል። ሮማውያን ከተማውን ዙሪያውን ከበው ነው የሠሩት፤ ላዩ ሰፊ መንገድ ነው፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ምናምን ትሄዱና የተነሳችሁበት ቦታ ትደርሳላችሁ። የሚጠፋበት የለም። በሌላ መውረጃ ልውረድ ቢል እንኳ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም፤ "ዴልሚሮ፣ የአንተ ገና ነው፣ ቀጥል" ይሉታል። ልጁ የሆነ ሰው ታች ቆሞ አርባ ደቂቃ ይጠብቃል። በቃ።

ግንቡን እናምነዋለን። የተሳሳትነውም እዚያ ላይ ነው።

ያን ቀን ጉሙ ከሚኞ ወንዝ ተነስቶ ከተማውን ውጦት ነበር። የካቴድራሉ ማማ አይታይም። ይቅርብን ልለው አስቤ ነበር፣ እሱ ግን ካፖርቱን ለብሶ በሩ ጋ ቆሟል። እንደ ሁልጊዜው ፀጉሩን አበጠርኩለት። በግራ በኩል ከፍዬ፣ በውሃ አስተኝቼ።

በሳንቲያጎ በር መወጣጫ ይዤው ወጣሁና ኮሌታውን አስተካክዬ ቆቡን ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት።

"እዚሁ ታች ነኝ፣ አባዬ። እኔን ሳታይ እንዳትወርድ።"

"እሺ ካርሜ" አለኝ።

አሥር እርምጃ ሳይሄድ ጉሙ ዋጠው። የከዘራው ድምፅ ትንሽ ተሰማኝ... ከዚያ እሱም ጠፋ።

ታች ወርጄ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ። ሰዓቴን አየሁ።

በአሥራ ስምንት ደቂቃ ተመለሰ።

የመጣው በሄደበት በኩል ነው። መሃል መንገድ ላይ ብርዱ መልሶት ይሆናል አልኩ። ደስም አለኝ፣ ውሸት ምን ያደርጋል፤ እግሬ ደንዝዞ ነበር።

መወጣጫውን በፍጥነት ወረደና ፊቴ ቆመ።

"ሳቤላ፣ በርዶሻል። ቤት እንግባ።"

ሳቤላ...

ከዓመት በላይ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። መንገድ መሃል አቅፌው ተንሰቀሰቅኩ። ሰው ያየኛል አላልኩም። ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ካፖርቱ ላይ ፊቴን ሳስጠጋ ነው የመጀመሪያውን ነገር ያስተዋልኩት።

ካፖርቱ ደረቅ ነው።

በዚያ ጉም ውስጥ የእኔ ሹራብ ሊጨመቅ ደርሷል። እሱ ግን ጠብታ አልነካውም።

ቀና ብዬ ፀጉሩን አየሁት። የሠላሳ ዓመት ፀጉር ሠሪ ነኝ፣ በዚህ አልሳሳትም። ፀጉሩ በቀኝ በኩል ተከፍሏል።

ነፋስ ነው አልኩ። ደስታ ያሞኛል።

መንገዱን እሱ መራኝ። በየበሩ ስናልፍ እዚህ ቤት ማን እንደነበረ፣ ለማን ደብዳቤ ከማን ይመጣ እንደነበር ይነግረኛል። አንዱንም አልተሳሳተም። እኔ ሳወራ ከአፌ እንፋሎት ይወጣል። እሱም ያወራል... ከአፉ ምንም አይወጣም።

ቤት ደረስን። ቁልፉን ከእጄ ወስዶ ራሱ ከፈተ፣ በግራ እጁ።

አባዬ ቀኝ እጁን ነው የሚጠቀመው።

ወጥ ቤት አስቀምጬው የጎመንና የድንች ሾርባ አሞቅሁለት። ማንኪያውንም በግራው ያዘ። እንደ ልማዱ እናቴን ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀም። እንዲያውም "እናትሽ ጨው ታበዛ ነበር፤ አንቺ ይሻልሻል" ብሎ ቀለደብኝ። ሳቅሁ፣ ግን ማንኪያውን ከያዘበት እጅ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ስልኬ ጮኸ።

ወይዘሮ ኤርሚንያ ናቸው፣ ጎረቤታችን። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ጉልበታቸውን እያመማቸው እንኳ ግንቡን ሳይዞሩ አይውሉም። ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

"ሳቤላ፣ ልጄ፣ የት ነሽ?"

"ቤት ነኝ። ምነው?"

"ምነው ትያለሽ? አባትሽ እዚህ በብርድ ይንቀጠቀጣል። ግንቡ ላይ፣ ሞስኬይራ ማማ ጋ ነን። ውረድ ብዬው እምቢ አለኝ።"

ዞር ብዬ አየሁ። በበሩ ክፍተት ጀርባው ይታየኛል። ሾርባውን ይጠጣል።

"ተሳስተዋል" አልኩ በሹክሹክታ። "አባዬ እዚህ ነው። ቁጭ ብሏል።"

ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

"እጁን ይዤዋለሁ እኮ፣ ልጄ..."

"ስልኩን ይስጡልኝ።"

የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ድምፁ መጣ። የደከመ፣ ጥርሱ የሚንገጫገጭ።

"ካርሜ? በረደኝ። ልጄ ታች ትጠብቀኛለች። ሳላያት እንዳልወርድ ብላኛለች።"

ፊቴን ረስቶታል። ያልኩትን ግን ይዞታል።

"መጣሁ" ለማለት አፌን ስከፍት ወጥ ቤት ውስጥ ማንኪያው ቆመ።

"ኤርሚንያ ናት?" አለ ያኛው፣ ሳይዞር። "ትጠብቅ። ነይ ተቀመጪ።"

"አባዬ፣ አንድ ጊዜ ብቅ ብዬ..."

"እናትሽ ያለችውን ልንገርሽ።"

ሮጥኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። ገብቼ ተቀመጥኩ።

እሱ አልቸኮለም። ከሆስፒታሉ ክፍል ጀመረ። መስኮቱ በየት በኩል እንደነበር፣ ዝናቡን፣ ነርሷ ያመጣችውን ብርቱካን፣ እናቴ ልጣጩን እያሸተተች እንዴት እንደሳቀች። ሁሉንም ነገረኝ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጊዜ ጠራ። በሦስተኛው በፊቱ ደፋሁት። አውቄ ነው የደፋሁት። ያቺን ነገር ሳልሰማ መነሳት አቃተኝ፤ ከዚያ በኋላ እሄዳለሁ፣ ግንቡ ላይ ማን ጠፍቶ ያውቃል እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ሃያ ደቂቃ አለፈ።

"ምን አለች?" አልኩት በመጨረሻ።

ሳህኑን ገፋ አደረገ።

"'ለሳቤላ ንገራት' አለች። 'ምንም ቢመጣ አንተን ብቻህን እንዳትተውህ።'"

ይሄን ብሎ ፈገግ አለ።

ወንበሩ ከኋላዬ ሲወድቅ ሰማሁት። ካፖርት አልያዝኩም፣ በሩን አልዘጋሁም። በሳንቲያጎ በር ወጣሁና ጉሙ ውስጥ እየጮህኩ ሮጥኩ። ድንጋዩ እርጥብ ነው፤ ሁለቴ ወድቄያለሁ።

ወይዘሮ ኤርሚንያን ሞስኬይራ ማማ ጋ አገኘኋቸው። ብቻቸውን ናቸው። የአባዬን ቆብ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ውሃ ይንጠባጠባል።

"የት አለ?"

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። "አብራችሁ አይደላችሁም እንዴ?"

"ከማን ጋር?"

"ቅድም ጠራሽው እኮ... ከፊት፣ ከጉሙ ውስጥ። 'አባዬ፣ ና' አልሽው። እኔም ሰማሁሽ። እንደ ሕፃን ደስ ብሎት እጄን ለቀቀና ሄደ።"

እኔ አልጠራሁትም። ያን ጊዜ እኔ ወጥ ቤት ተቀምጬ ስልክ ስደፋ ነበር።

ግንቡን ሙሉውን ዞርኩ። እኩለ ቀን ላይ ጉሙ ተገለጠ፤ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታየ። በየመውረጃው ያገኘሁትን ሰው ጠየቅኩ። አንድም ሽማግሌ ሲወርድ ያየ የለም።

ለፖሊስ ደወልኩ። ሁለት ልጆች መጡ፣ ትሁት ናቸው። ቤት ስንደርስ በሩን የከፈተላቸው እሱ ነው። መታወቂያውን አሳያቸው፣ ቀለደላቸው፣ የአንደኛውን አያት አስታውሶ ስማቸውን ጠራለት። ሲወጡ ትልቁ ፖሊስ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ትንሽ እረፊ አለኝ።

ቤቱ ቁጭ ያለን ሰው ማን ይፈልጋል?

ይኸው ዓመት ሊሞላን ነው፣ አብረን ነው የምንኖረው። አያመውም፣ አይረሳም። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ይላል። የልደት ቀኔን ያስታውሳል፣ አበባ ይገዛልኛል። ዘመድ ሁሉ ታደልሽ ይለኛል። ማታ ማታ የመኝታ ቤቴን በር በቁልፍ እዘጋለሁ። ወይዘሮ ኤርሚንያ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። አልፈርድባቸውም። ስልኩን ማን እንደዘጋው ያውቃሉ።

ጉም በወረደ ቁጥር ግን ግንቡ ላይ እወጣለሁ። ዞሬ ዞሬ ሰው ስሰማ እጣራለሁ። እስከዚህ ሳምንት ድረስ የመለሰልኝ አልነበረም።

ባለፈው ሰኞ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ከፊቴ ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"እናትሽ የት ሄደች?"

ባለሁበት ቆምኩ።

"ትመጣለች፣ አባዬ። ቀስ በል፣ ያንሸራትታል።"

የሁለተኛዋ ድምፅ... የእኔ ነው።

ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ተጠጋሁ። ጉሙ ትንሽ ሳሳ አለልኝ። አባዬ ነው። ካፖርቱ ርሶ ተጣብቆበታል፤ ጎብጧል፣ ከስቷል፣ ግን ራሱ ነው። ክንዱን የያዘችው ሴት ሹራቧ እርጥብ ነው፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል። የራሷን ሻርፕ አውልቃ አንገቱ ላይ ጠምጥማለታለች። በእንዲህ ያለ ፍቅር ሰው ሲደግፍ አይቼ አላውቅም። ፊቷን ስታዞር አየሁት። መስታወት ውስጥ ስንት ዓመት ያየሁት ፊት ነው።

ያን ቀን እሱ ጋ የሄደችው እሷ ናት።

"አባዬ" አልኩ። ሳላስበው ወጣኝ።

አባዬ ቆመ። ወደ እኔ ሊዞር ጀመረ።

እሷ ቀድማ አየችኝ። አልጮኸችም፣ አልሸሸችም። ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተችኝ። ከዚያ ክፉ ነገር እንዳያይ ሕፃንን እንደሚያደርጉት፣ መዳፏን ቀስ አድርጋ በአባዬ ዓይኖች ላይ ጋረደች።