የደላላው ስፓኒሽ

«እስቲ ከመጀመሪያው» አለች ታናሽየዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ።

እህቷ ዓይኗን ጨፈነች። «ኦላ። ብዌኖስ ዲያስ። ሙቾ ጉስቶ።»

«ሰላም፣ እንደምን አደሩ፣ ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል። ምላስሽ ተፈታ እኮ!»

«ፕሮፌሰር፣ ወሬውን ተዪና ቶሎ በይ። አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ይፈትነኛል።»

ታናሽየዋ ሳቀች። በትምህርት ቤቱ የቋንቋ ክበብ ስፓኒሽ ከጀመረች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ከእሷ በላይ አዋቂ የለም። የአሥራ ሰባት ዓመቷ እህቷ ነገ ትሄዳለች። ለእናታቸው «የሦስት ቀን ሥልጠና አለኝ» ብላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ አንድ ደላላ ባሕር ማዶ የሆቴል ሥራ አግኝቼልሻለሁ ብሏታል። ይህን የምታውቀው ታናሽየዋ ብቻ ናት፤ ላትናገርም ምላለች።

እህቷ ወረቀቱን አቀበለቻት። ደላላው በቃል እየነገራት በአማርኛ ፊደል የጻፈችው ነው። «ከዚህ በታች ያለው አልያዝልሽ አለኝ። አንብቢልኝ።»

«ቴንጎ ቬይንቲትሬስ አኞስ...» ታናሽየዋ ቆም አለች። ቁጥር የተማሩት ባለፈው ሳምንት ነው። «ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው ይላል። መቼ ሞላሽ?»

«ፓስፖርቱም እንደዛ ነው የሚለው። ለሥራው ነው አለኝ። አታካብጂ።»

«ኤል ኤስ ሚ ቲዮ። እሱ አጎቴ ነው። የትኛው አጎታችን?»

እህቷ «ትርጉሙን ተዪው፣ ዝም ብለሽ ሸምድጂው ነው ያለኝ» አለች።

የመጨረሻው መስመር «ኤስቶይ ቢየን። ኖ ኔሴሲቶ አዩዳ» ይላል። የመጨረሻውን ቃል አታውቀውም። ከክበቡ የተዋሰችውን መጽሐፍ ገልጣ ፈለገች። አገኘችው።

«ደህና ነኝ። እርዳታ አልፈልግም» ብላ ተረጎመች። «እታለም፣ የሆቴል ሥራ ነው ብሎ ስለ አልጋ፣ ስለ ቁልፍ፣ ስለ እንግዳ አንድም ቃል የለውም። ይሄን የምትይው ለማን ነው? ለፖሊስ?»

በሩ ተንኳኳ። ደላላው ከሰዓቱ ቀድሞ መጥቷል። ረጋ ያለ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። እህቷ ቆማ፣ እየተንተባተበችም ቢሆን፣ ሁሉንም በቃሏ ወጣችለት።

«አንበሳ!» አለ ፈገግ ብሎ። ከዚያ መጽሐፉን ከአልጋው ላይ አነሳ። «ይሄ የማን ነው?»

«የትምህርት ቤት ነው። ሥዕሉን እያየሁ ነበር» አለች ታናሽየዋ።

ሰውየው ትክ ብሎ አያት። «ጎበዝ። ጎበዝ ልጅ ወሬ አታበዛም።» ወደ እህቷ ዞረ። «ጉዞው ዛሬ ሆኗል። መኪናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመጣል። ስልክሽን ስጪኝ፣ ሲም እቀይርልሻለሁ።»

ስልኩ ኪሱ ገባ።

«ለመንገድ ዳቦ ልግዛላት» አለች ታናሽየዋ።

«እንዳትቆዪ» አለ ሰውየው።

ደረጃውን በዝግታ ወረደች። መንገድ ላይ ስትደርስ ግን ዳቦ ቤቱን አልፋ እየሮጠች እናቷ የምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ገባች። እህቷ ዕድሜ ልኳን ላታናግራት እንደምትችል ታውቃለች፤ አስፈራት። እናቷ በእንፋሎቱ መሃል ሸሚዝ ትተኩሳለች።

«እማዬ፣ ካውያውን ተዪውና ነይ» አለች ክንዷን ይዛ። «እየሮጥን እነግርሻለሁ።»