ከሦስቱ ደሴቶች አንዱ

ፋሲካ አለሙ ደብረ ታቦር ከተማ መድኃኒት ቤት ከፍታ የምትሠራ፣ ሳቋ ከደጅ የሚሰማ ልጅ ናት። ይርጋን የተዋወቀችውም እዚያው ነው። አንድ ቀን ቦት ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ የሆነ ወጣት እያለከለከ ገባ።

«ግሉኮስ ፈልጌ ነበር። አስቸኳይ ነው።»

«የታካሚዋ ስም?»

«ሸጌ።»

«ዕድሜዋ?»

«ሰባት ዓመቷ ነው።»

«ምስኪን! ክብደቷስ?»

«እንጃ፤ ሦስት መቶ ኪሎ አታጣም።»

ፋሲካ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች። ሰውየው የእንስሳት ሐኪም፣ ሸጌም ከከተማው ወጣ ብሎ ጋፋት ውስጥ ወልዳ መነሣት ያቃታት ላም መሆኗ የተገለጠላት ያን ጊዜ ነው። የእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ግሉኮስ ጨርሶበት ነበር የመጣው። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በማግስቱ ሸጌ መነሣቷን ሊነግራት ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን የሚነግራት ወሬ አልነበረውም፤ ግን መጣ።

ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌ ተላከ፤ ሠርጉም ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ዶሃ የሚሠራው የፋሲካ ታላቅ ወንድም ዓለምነው ይህን ሲሰማ ደወለ።

«የእኔ ስጦታ የጫጉላ ጉዞ ነው። ዛንዚባር፣ ሲሸልስ፣ ሞሪሸስ። ከሦስቱ አንዱን ምረጡና ንገሩኝ!»

ፋሲካ ያን ቀን መሬት አልረገጠችም ማለት ይቻላል። ጣናን መቼም ታውቀዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘችው ግን ማዶ የሌለውን ውሃ ነበር። ማታ ጭማቂ ቤት ተቀምጠው የደሴቶቹን ፎቶ በስልኳ እያሳለፈች ታሳየው ጀመር።

«ዛንዚባር እንዴት ነው?»

«ሙቀቱን እንችለዋለን ብለሽ ነው? እኛ የጉና ብርድ ያሳደገን ሰዎች።»

«እሺ፣ ሲሸልስ። ኤሊዎቹን እያቸው! የአንተ ታካሚዎች ይሆናሉ።»

«ለሽርሽር ሄጄ ደግሞ ልሥራ?»

«ሞሪሸስስ?»

«ሩቅ ነው» አለና ብርጭቆውን አዞረው። «ለምን ላሊበላ አንሄድም?»

መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ግን በሚቀጥለውም ቀን፣ ከዚያም በኋላ እንደዚያው ሆነ። ለዛንዚባር ወባ፣ ለሲሸልስ ማዕበል፣ ለሞሪሸስ አውሎ ነፋስ ሰበብ አገኘ። በመጨረሻ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ይርጋ፣ የማትፈልገው ደሴቱን ነው፣ እኔን?»

ጆሮው እስኪቀላ አፈረና ጠረጴዛውን ማየት ያዘ። ያ ዝምታ ከማንኛውም መልስ ይልቅ ፋሲካን ጎዳት።

እናቷ ወይዘሮ አሰለፈች የልጃቸው ሳቅ መጥፋቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ነገሩን ከሰሙ በኋላ፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ይሆናላ» አሉ።

«እማዬ፣ ይቀልዱብኛል?»

«ምን ላርግ ታዲያ? ደግመሽ ጠይቂው። ሰው አንዴ ሲጠየቅ ያፍራል፤ ሁለቴ ሲጠየቅ ይናገራል።»

ሳትጠይቀው ሌላ ወሬ ቀደማት። ይርጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ለስብሰባ ባሕር ዳር እሄዳለሁ ይላት ነበር። አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ ፈንታነሽ ግን እዚያ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል ፀጉሩ እንደረጠበ ሲወጣ አየችው።

«ስብሰባው መታጠቢያ ቤት ነው እንዴ?» አለች ፈንታነሽ።

ፋሲካ በሚቀጥለው ቅዳሜ መድኃኒት ቤቱን ለፈንታነሽ ትታ ሚኒባስ ተሳፈረች። መሀል መንገድ ላይ ሐሙሲት ሲደርሱ ረዳቱ፣ «ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጮኽ፣ ወርዳ ልትመለስ እጇን በሩ ላይ አሳርፋ ነበር። የፈራችውን ካየች ሠርግ እንደማይኖር ታውቃለች። ቢሆንም ተመልሳ ተቀመጠች።

ሆቴሉ ደርሳ በአትክልቱ በኩል ስታልፍ የልጆች ጫጫታ ሰማች። ዞር አለች። የመዋኛ ገንዳው ጥልቀት በሌለው ጫፍ፣ ወገባቸው ላይ ፕላስቲክ ቀለበት ባደረጉ ሕፃናት መካከል፣ እሱም ቢጫ ቀለበት ያደረገ አንድ ረጅም ሰው የገንዳውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጎ ይዟል።

«ዶክተር፣ እግርዎን ይምቱ እንጂ!» ይላል ፊሽካ ያንጠለጠለው አሠልጣኝ።

«እየመታሁ ነው!»

«ጋሼ፣ አይዞዎት!» አለችው የፊት ጥርስ የሌላት ሕፃን።

ይርጋ ቀና ሲል ፋሲካን አየ። ጠርዙን ለቀቀ። ውሃው ወገቡ ጋ ብቻ ቢደርስም ጠልቆ፣ ሳል በሳል ሆኖ ወጣ።

በኋላ ፎጣ ተከናንቦ ከዛፍ ሥር አጠገቧ ተቀመጠ። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

«ልጅ ሆኜ ርብ ወንዝ ወሰደኝ» አላት። «ክረምት ነበር፤ ከአጎቴ ጋር ከብት ስናሻግር። የበሬ ጭራ ይዤ ነው የወጣሁት። የከብት ሐኪም የሆንኩትስ ለምን ይመስልሻል? ከዚያ ወዲህ ውሃ ከጉልበቴ ካለፈ ትንፋሼ ይቆማል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስለ ባሕር ስታወሪ ፊትሽ እንዴት እንደሚበራ አታይውም። እኔ አየዋለሁ። ፈሪ ነኝ ብዬ ያንን ላጥፋው? እስከ ሠርጉ ልልመደው ብዬ ነው።»

ፋሲካ እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች።

«ይርጋ፣ እኔስ መዋኘት እችላለሁ ያለህ ማን ነው?»

«አትችይም?»

«ማን አስተምሮኝ? እኔኮ ቁጭ ብዬ ላየው ነው የፈለግሁት!»

እንባዋን ጠረገች። ከዚያ እርጥብ እጁን ያዘች።

«አሁን ምረጥ» አለችው። «የመረጥከው ላሊበላም ቢሆን እሄዳለሁ።»

«ዛንዚባር» አለ ሳያመነታ። «አንብቤያለሁ። በምሥራቁ ዳርቻ ማዕበሉ ሲመለስ ውሃው ርቆ ይሸሻል፤ ሰው አሸዋው ላይ በእግሩ ይሄዳል። እኔ ከምሸሸው ባሕሩ የሚሸሽልኝ ይሻላል።»

የቀሩትን ቅዳሜዎች አብረው ሄዱ። አሠልጣኙ ለፋሲካም ቀለበት ፈለገላት።

ጥር ላይ ተጋቡ። ዛንዚባር በደረሱ ማግስት ጠዋት ባሕሩ በእርግጥም ርቆ ሄዶ ነበር። በእርጥቡ አሸዋ ላይ እየተሳሳቁ ብዙ ሄዱ። ውሃው መመለስ ሲጀምር ግን አንድ ትንሽ ማዕበል የፋሲካን ጉልበት መታው፤ እሷም ጮኻ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ኋላ ሮጠች። ዘወር ስትል ይርጋ አልተከተላትም። ፊቱ ቢገረጣም ውሃው ውስጥ ወገቡ ድረስ ቆሟል፤ እንደ ሕፃን እየሳቀ እጁን ዘርግቶላታል።

«ነይ» አላት፣ «አለሁልሽ።»

ገባች። ውሃው ለብ ያለ ነበር።