ከኋላዬ የመጡት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ፣ ጋኔን አየሁ የሚለኝ ተማሪ ሲገጥመኝ «እራት አብዝተህ ነው» እያልኩ የምቀልድ፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ እናቴን ላለማስቀየም ብቻ የምሳለም። ስለዚህ ወዳጄ፣ የምነግርህን ስማኝና ፍርዱን ለራስህ ተወው።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ዘመሮ ተመድቤ ሳስተምር። ቆላ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና የመንዝ ዳገት ብርቅ ሆኖብኝ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዱላዬን ይዤ፣ መንገድ የማይባል መንገድ ተከትዬ፣ ያላየሁትን መንደር ፍለጋ እዞር ነበር። አንዴ ታዲያ ጓሳ ከሚሉት የሣር ሜዳ ማዶ እንደምሄድ የሰማ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ደብዳቤ ሰጠኝ፣ ታደሰ የሚባል ወታደር ከሰሜን ጦር ግንባር ለእናቱ ለእማማ አስካለ የላከው ነው፣ የሚያደርሰው ጠፍቶ ተቀምጧል። እናትየው ልጃቸው ከዘመተ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬውን አልሰሙም አለኝ። ደስ አለኝ፣ የምሥራች ይዞ መሄድ የማይወድ ማን አለ?

ዓርብ ማታ ከመንደራቸው ወዲህ፣ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ገበሬ ቤት አደርኩ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቼ ጫማዬን ሳስር አዩኝ።

«ወዴት ነው በዚህ ጨለማ?»

«እማማ አስካለ ጋ። ዛሬውኑ ዘመሮ መመለስ አለብኝ።»

«ተው ልጄ፣ የወታደር እናት ደጅ በጎህ አይረገጥም። በጎህ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ነው። ፀሐይ ትውጣ፣ ቆሎ ቆርጥመህ ትሄዳለህ።»

«የያዝኩት የምሥራች ነው እኮ ጋሼ!»

«እሷ ይህን ከሩቅ በምን ታውቃለች?»

ሳቅኩና ወጣሁ። እስካሁን የሚቆጨኝ ያ ሳቅ ነው።

ጓሳው በውርጭ ነጥቷል፣ ጉሙ ሦስት እርምጃ አያሳይም። ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ የብዙ ሰው፣ መሐል መሐሉ ላይ ዱላ ድንጋይ ሲነካ ኳ የሚል። ስቆም ይቆማል። የገደል ማሚቶ ነው አልኩ። ዞር ስል ጉሙ ውስጥ ቀጥ ብለው የቆሙ ነገሮች አየሁ፣ ጅብራ ነው አልኩ፣ ያ ተክል ደግሞ በእውነት ከሩቅ ሰው ይመስላል፣ የአገሩ ሰው ራሱ ይሳሳተዋል። ግን እመነኝ፣ ጅብራ አይስልም። አንዱ ሳለ፣ አፉን በልብሱ የሸፈነ ሽማግሌ እንደሚስለው። ከዚያ ወዲያ አልዞርኩም፣ ፈራሁ፣ ምን ልዋሽህ።

እማማ አስካለ ውሻቸው ሲጮህ ሰምተው ኖሮ ደጃቸው ላይ ቆመዋል። ውሻው እኔን አልፎ ወደ ኋላዬ ይጮኻል፣ የሴትዮዋም ዓይን እኔን አልፎ ሄዷል።

«ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?» አሉ፣ ከዚያም መልሴን ሳይጠብቁ «ልጄን! ልጄን!» እያሉ ደረታቸውን ይደቁ ጀመር።

«ኧረ ብቻዬን ነኝ እማማ! ታደሰ ደኅና ነው፣ ደብዳቤ ልኮልዎት ነው!»

ማን ይስማኝ። ጎረቤት በጩኸቱ ተሰብስቦ ሴትዮዋንም እኔንም ወደ ቤት አስገባን። ከብት ሊያወጣ የተነሣ አንድ ጎልማሳ ጠጋ ብሎ፣ «አምስት ሆናችሁ ስትወርዱ አይቻችኋለሁ፣ አራቱ ባና ደርበዋል። በዚህ ብርድ ለምን ውጭ ትተዋቸዋለህ? ይግቡ እንጂ» አለኝ። ወጥተን አየን፣ ማንም የለም። ዱካ መፈለግ ትዝ ባለኝ ጊዜ ጉሙ ተገልጦ፣ ፀሐይ ውርጩን አቅልጣው ነበር፣ ይኸው የሳይንስ አስተማሪው!

እንደ ምንም ሲረጋጉ ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ደኅና ነኝ፣ አታስቢ፣ ለአጨዳ ፈቃድ እወጣለሁ ይላል። ሁለቴ አስደገሙኝ።

«መቼ ነው የጻፈው?»

«ሦስት ወር ሆኖታል።»

ወረቀቱን ተቀብለው አጣጠፉና ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።

«አንተ ደብዳቤ ይዘህ መጣህ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። እነሱስ ምን ይዘው መጡ?»

በዓመቱ መጨረሻ ከዘመሮ ተዛወርኩ። ታደሰ ለአጨዳ ይምጣ አይምጣ አላወቅሁም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ላውቅም አልፈለግሁም፣ እስክዛወር ድረስ ገበያ ላይ የዚያ መንደር ሰው ሳይ መንገድ እቀይር ነበር። ጉም ነው፣ የእናት ሥጋት ነው፣ ጎልማሳውም እንቅልፍ አልለቀቀውም እያልኩ ራሴን ላሳምን እሞክራለሁ፣ ደግሞም ሊያሳምነኝ ትንሽ ነው የሚቀረው። የሚያቅተኝ መመለሻዬ ትዝ ሲለኝ ነው። ያን ቀን ያንኑ መንገድ ይዤ፣ ጓሳውን ሁሉ ጆሮዬን አቁሜ፣ በየመሐሉ እየቆምኩ እያዳመጥኩ ተሻገርኩ።

ከኋላዬ የመጣ የለም። እዚያው ቀርተዋል።